የጠባቂው ሰዓት ሽቦ

ኮምፒውተሯ ድርቅ ብላ ቀርታለች፤ አረንጓዴው መብራት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ብልጭ ድርግም ይላል። ታንከሩ ሞልቶ ውሃው በትምህርት ቤቱ ግቢ ይፈሳል። ገዲሴ ሮጣ ፓምፑን አጠፋችው።

መዳፍ የምታክለው የተማሪዎቹ የሳይንስ ክበብ ኮምፒውተር ሥራዋ አንድ ነው፤ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ማቆም። መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ስለምትደርቅ መምህር ደምሰው ጠባቂ ሰዓት አሠርተዋቸዋል። በየሁለት ሴኮንዱ «አለሁ» የሚል ምልክት ትልካለች፤ ዝም ካለች ሰዓቱ አጥፍቶ ያስነሳታል። አሁን ግን ደርቃም ምልክቱ ይመጣል።

ገዲሴ ሽቦውን በጣቷ ተከተለችው። ከኮምፒውተሯ አይነሳም፤ ምንም ይሁን ምን ከሚመታ ሌላ ትንሽ ሰዓት ላይ ተበይዷል።

«አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽው?» አለች ወደ ጓደኛዋ ወደ ከድጃ ዞራ።

«ነገ የከፍተኛው አስተዳደር ሰዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ» አለች ከድጃ። «ፊታቸው ጠፍታ ስትነሳ ካዩ አትሠራም ብለው የክበባችንን ክፍል ለስብሰባ ይወስዱታል።»

«ፓምፑ ቢቃጠልስ? ሰፈሩ በሙሉ ከዚህ ነው የሚቀዳው።»

«አትጨነቂ ባክሽ። አንቺስ ስሜ ሲጠራ አቤት ትዪልኝ የለ? ያው ነው።»

ገዲሴ አፈረች። ከድጃ ከሩቅ፣ ከመካኒሳ በእግሯ ስለምትመጣ ታረፍዳለች፤ ስሟ ሲጠራ ገዲሴ ድምጿን ቀጠን አድርጋ ትመልስላታለች። ባለፈው ሳምንትም ሦስት ቀን መለሰችላት፤ ከድጃ አባቷን ሱቅ የምታግዝ መስሏት ነበር። ለካ ከድጃ በትኩሳት ተኝታ ነበር።

«ያኔ ስትታመሚ የት ናት ብሎ ማን ጠየቀ?» አለቻት።

«ማንም» አለች ከድጃ። ከዚያ ሽቦውን ወደ ኮምፒውተሯ ልትመልሰው መበየጃውን ራሷ ሰካችው።

በማግስቱ ኮምፒውተሯ እንግዶቹ ፊት ደረቀች። ሁለት ሴኮንድ ቆይታ ጠፍታ ተነሳች፤ ፓምፑም በጊዜው ቆመ።

«ትበላሻለች ማለት ነው?» አሉ አንደኛው።

«አዎ። ግን ራሷ ትነሳለች» አለች ከድጃ። ሰውየው ማስታወሻቸው ላይ ምን እንደጻፉ ማንም አላየም።

ሰኞ ጠዋት መምህር ደምሰው ስም ይጠራሉ።

«ከድጃ ኑሪ።»

ገዲሴ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ ከመዝገቡ ቀና አሉ።

«ከድጃ የት ናት?»

«አላውቅም» አለች ገዲሴ ብድግ ብላ። «ታማ እንደሆነ ሄጄ ልያት?»