ንጹህ የተባለው አየር

የማተሚያ ቤቱን ደፍ እንዳለፈች በእጇ የያዘችው መሣሪያ መጮህ ጀመረ። ጓደኞቿ «ጥያቄ» የሚሏት ልጅ መዳፏን አጠፈችበት። ጩኸቱ በጣቶቿ መሀል አመለጠ።

«አጥፍተሽ አብሪው፤ አታካብጂ» አለ ሽቦ። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው፤ የሽቦ ሥራ መቻሉ ኋላ የመጣ ነው።

አጥፍታ አበራችው። ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ውድድር አለ፤ የእነሱ ሥራ መርዛማ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ነው። መምህራቸው የሰጧቸው ጥፍር የምታህል ቁራጭ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ተቀብታለች፤ ጋዝ ሲነካቸው በእነሱ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ሽቦ የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ሲበራ መጀመሪያ ያገኘውን አየር «ንጹህ» ብሎ ይይዝና ከዚያ የባሰ ሲመጣ ይጮኻል።

እስከ ዛሬ የሞከሩት እዚሁ በአባቷ ማተሚያ ቤት ነው፤ የሚያበሩትም ሁልጊዜ ከገቡ በኋላ። ዛሬ ግን ከመንገድ ላይ አብርታው ገባች።

ወጥታ አበራችው፤ ገባች፤ ጮኸ። ደግማ ወጣች፤ ገባች፤ ጮኸ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ፣ ጉንዳን ረግጠሽ ነው እንዴ አላት።

መብራት እንደ ሰሞኑ ሁሉ ስለጠፋ ጀነሬተሩ ጓዳ ውስጥ ይንደቀደቃል። አባቷ የሠርግ ካርድ እያተመ ነው። ራስ ምታት ሲብስበት መነጽር ለውጦ ነበር፤ ሳይሻለው ሲቀር ደግሞ ለወጠ። አሁን ጥፋተኛውን አገኘ።

«ያንን ነገር አጥፊልኝ በናትሽ፤ ራሴን ያዞረኝ እሱ ነው።»

ሽቦ ወደ በሩ ጥግ ጎትቷት አንሾካሾከላት። ፕሮግራሙን ለማስተካከል ጊዜ የለም፤ ለመምህሩ በንጹህ አየር ሞክረነዋል ብሏቸዋል፤ አዳራሽ ገብተው ካበሩት እንደ በግ ጸጥ ይላል።

«አባትሽን እንደሆነ ሁሌም ያመዋል» አለ። ካለው በኋላ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጥያቄ የሚጮኸውን መሣሪያ ከበሩ ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጠች። ትንፋሿን ይዛ ጓዳ ገባችና ጀነሬተሩን አጠፋችው። ማተሚያው የሙሽራውን ስም አትሞ የሙሽሪትን ሳያትም ቆመ።

«ጤና የለሽም? ሰውየው ማታ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ። አንተ ግን ና ውጣ፣ አባዬ።»

እንዲህ ብላው አታውቅም፤ ለዚህ ይሆናል የወጣው። በርና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ስለ ጀነሬተሩ ጭስና ስለ ራስ ምታቱ ነገረችው። እሱም መስኮት አለ፣ ደግሞስ ምን ይሸታል ብሎ ተከራከረ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም አለችው። መነጽሩን አውልቆ አገላብጦ አየው።

ሽቦ ሰዓቱን አይቶ መሣሪያውን ለማንሳት እጁን ሰደደ።

«እሱ እዚህ ይቆያል» አለች።

«ውድድሩስ?»

«ለመምህሩ የሆነውን ንገራቸው። ካልነገርካቸው ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሽቦ የመሣሪያውን ባዶ ካርቶን ታቅፎ ሄደ። እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። 

ቤቱ ነፋስ ጠግቦ መሣሪያው ዝም ሲል አባቷ ተነሣ።

«ካርዱ መድረስ አለበት። ጀነሬተሩን ላብራው።»

«ወደ ግቢው ካወጣነው በኋላ።»

ገብታ የጀነሬተሩን አንድ እጀታ ያዘች። እሱ ሁለተኛውን እስኪይዝ ጠበቀችው።