የመናኸሪያው ሳር

ፋና ፖስታዋን ሳጥኑ ውስጥ ከጣለች አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላትም፤ አሁን ግን መንትፋ ብታወጣው በወደደች።

ከእንጅባራ የመጡት ተመራማሪ ወይዘሪት እታለማሁ ሰሌዳው ፊት ቆመው ያስረዳሉ። ተማሪዎቹ ከየሰፈራቸው ሳር ነቅለው፣ ቦታውን ፖስታው ላይ ጽፈው እንዲያመጡ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ፋና የጻፈችው «ከከሰል ማክሰያ አጠገብ» ብላ ነው። አባቷ እንደ ብዙው የአዲስ ቅዳም ገበሬ የተከለውን ዛፍ አክስሎ ይሸጣል። ሥራዬን ያስቆሙብኛል ብሎ ስለፈራ «ከማክሰያዬ አንዲት ሳር ንክች እንዳታደርጊ» ብሏታል። ጓደኛዋ ሩዋይዳ ደግሞ መላ አላጣችም። «ከመናኸሪያው ንቀይ፣ ማን ይነቃል?» አለቻት፤ ፋናም ነቀለች።

«ሳርም ዛፍም ከአየሩ ራዲዮካርቦን የሚባል፣ በዘመን ብዛት እየከሰመ የሚያልቅ የካርቦን ዓይነት ይወስዳሉ» አሉ እታለማሁ። «ነዳጅ ግን ከመሬት ሥር እጅግ ብዙ ዘመን ስለቆየ ራዲዮካርቦኑ አልቋል። የመኪና ጭስ የበዛበት ሳር ስንመረምር መጠኑ ቀንሶ እናገኘዋለን። በቅርብ የተተከለ ዛፍ ጭስ እንደዚያ አይቀንሰውም። ሰው ወደ አየሩ ከጨመረው ጭስ ውስጥ የነዳጁን የምንለየው በዚህ ነው።»

ፋና ሳጥኑን አየች። ሳሩ የመናኸሪያ፣ ፖስታው ላይ የተጻፈው የአባቷ ማክሰያ! የአውቶቡሱን ጭስ በገዛ እጇ አባቷ ላይ ልትለጥፍ ነው።

«ቲቸር፣ ከሰል አይጎዳም ማለት ነው?»

«እሱን አላልኩም። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፤ ዛፉ ካልተተካም ሌላ ጣጣ አለው። ግን የአንዱ ጭስ ከሌላው እንዳይምታታብኝ እፈልጋለሁ።»

ሩዋይዳ ከዴስኩ ሥር በእግሯ ጎሸመቻት። «ዝም በያ! እኔንም ጉድ ልታደርጊኝ ነው?»

ደወል ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ፋና ቀረች። በሩዋይዳ ተናዳለች፤ በራሷ ግን ይብሳል። እውነቱን ብትናገር ትክክለኛውን ሳር አምጪ መባሏ አይቀርም፤ አባቷን ደግሞ ታውቀዋለች።

«ቲቸር፣ የእኔ ሳር ከመናኸሪያ ነው የተነቀለው» አለች።

እታለማሁ አልተቆጡም። ፖስታዋን ከሳጥኑ ፈልገው አወጡ። «ሐሙስ እመለሳለሁ። ትክክለኛውን ታመጪልኛለሽ?»

«ዛሬ ለአባቴ እነግረዋለሁ። ተደብቄ ግን አልነቅልም» አለች ፋና፣ አዲስ ፖስታ እየተቀበለች። «እምቢ ካለኝ ባዶውን እመልስልዎታለሁ።»