የሟቿ ገጽ

አባትየው ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ስክሪኑ ጠቁሮ መሐሉ ላይ «አባዬ፣ በሩን ለምን ቆለፍክብኝ?» ይላል። ትልቋ ልጃቸው ከሞተች ከርማለች። ከባሏ ተጣልታ በመጣችበት ምሽት በር የዘጉባት እሳቸው ነበሩ፤ በማግስቱ ሞታ ተገኘች። ታዲያ የታመመ ልብ ይህን እንዴት ይችላል?

ስክሪኑ ላይ የነበረው ለሟቿ ሐዘን መግለጫ የተከፈተ ድረ ገጽ ነው። የሠራችው ታናሽ እህቷ ናት፤ ልትታሰር የተቃረበችውም እሷው። ዘመድ ሲያዝን ጥፋተኛ አያጣም።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ የቤቱን ሰዎች በየተራ ጠየቀች። «ገጹን ሲከፍቱ ምን ያያሉ?»

«ልጄን» አሉ እናት። «ይጨልምና ታናግረኛለች።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች ታናሽየዋ። «ገጹን የሠራሁበትን ኮድ ሁሉ በረበርኩ፤ እኔ የጻፍኩት አይደለም። አብጄ ይሆን እያልኩ ነው።»

የሟቿ ባል ግን ነገሩን ናቅ አደረገው። «የመንፈስ ወሬ አላውቅም። አንዱ ያለ ስም ‹ነፍስ ይማር› ብሎ ከኋላው የምልክት መዓት ደርድሯል። እንግዳ ነገር ያየሁት እሱን ብቻ ነው።»

መርማሪዋ የእናትየውን ስልክ ተዋሰች። «ነፍስ ይማር» የሚለው አለ፤ ከኋላው ግን ምንም የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ሐዘን መግለጫው በሚጻፍበት ሣጥን አንድ መስመር ኮድ ላከችና ገጹን በእናትየው ስልክ ከፈተችው። ቀይ ሆነ።

«ሣጥኑ የሚጻፍለትን አይመረምርም» አለች። «ለቅሶ ይሁን ትእዛዝ ሳይለይ ይቀበላል። ገጹን የከፈተ ሰው ኮምፒውተርም ከገጹ ባለቤት የመጣ መስሎት ይፈጽመዋል። ማንም መንገደኛ ይችላል።»

«ታዲያ ማነው?» አሉ እናት።

«አሁን የላክሁትን ኮድ ስልክዎ ላይ አዩት? አይታይም፤ የሚታየው ሥራው ብቻ ነው። ምልክቶቹን የሚያውቃቸው የጻፋቸው ሰው ነው።» ወደ ባልየው ዞረች። «እርስዎ ግን አየሁ ብለውኛል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እንዲሞቱ ብዬ አልነበረም» አለ ባልየው። «እኔ ሌት ተቀን ስሰማት እሳቸው በሰላም ይተኛሉ? ትንሽ እንዲሰሟት ፈለግሁ።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ታናሽየዋ እያለቀሰች፣ «እኔስ ነፃ ነኝ?» አለች።

«ከእስር፣ አዎ። የሚላክልሽን አለመመርመርሽ ግን የራስሽ ጥፋት ነው።»

ታናሽየዋ ወዲያው ገጹን ልታስተካክል ተቀመጠች፤ ከእንግዲህ የተላከ ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲነበብ። እናት እጇን ያዟት።

«ተይው ልጄ።»

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም እኮ።»

«አውቃለሁ። አባትሽም ሄደ። እሷም ዝም ካለችኝ በዚህ ቤት ማን ያናግረኛል?»

«እኔ አለሁልሽ» አለችና ሥራዋን ጨረሰች። እናት ገጹን በስልካቸው ደጋግመው ይከፍቱ ነበር።