ግጥሙን የተነተንን ቀን

ወንድሜ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀጮን በአንድ ቡጢ ከነወንበሩ ገለበጠው።

ቀጮ የምለው የክፍሌን ልጅ ነው። መምህራችን አንድ ረጅም፣ ታሪክ የሚተርክ የፈረንሳይኛ ግጥም «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተንትኑ» ብላን ሦስት ሳምንት አብረን ተጎልተናል። ግጥሙ አንዲትን ልጅ ይዟት ሊጠፋ ስለመጣ ወታደር ነው። መጨረሻው ደም ነው፤ ወንድሟ በጩቤ ይወጋዋል።

«እዪ» ይለኛል ቀጮ በጣቱ እየቆጠረ። «ስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም፣ ስድስተኛው ላይ እረፍት። ጩቤው ሲወጣ ግን ሦስተኛው ላይ ቁርጥ!»

«ለምን?»

«ትንፋሽ ያጥራላ!»

እኔ ስንኙን ትቼ ጣቶቹን ነበር የማየው። ወድጄው ነበር። መናገሩ ግን ሞት ሆነብኝ፤ እሱም ከግጥሙ ሌላ አያወራም።

ታዲያ ቀጮ ግጥሙን ወደ አማርኛ መልሶ፣ ስሙን ከላይ አድርጎ የጻፈልኝን ወረቀት ቤት ረስቼ ወጣሁ። ወንድሜ ለምሳ ሲመጣ አገኘው። «ነገ ጠዋት ድልድዩ ጋ ጠብቂኝ፤ ወንድምሽ ከመጣ አንገቱን እቀላለሁ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቃል። የኔው ጉድ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከሚሠራበት ጋራዥ የጎማ መፍቻ ብረት አንስቶ፣ ሁሌ ወደምናጠናበት ቤተ መጻሕፍት እየበረረ መጣ።

«የማንን አንገት ነው የምትቀላው? እ?» ብሎ በቡጢ ደገመው። የቀጮ አፍንጫ ደም በደም ሆነ።

«ጋሼ፣ በፈጠረህ! ግጥም ነው! የቤት ሥራ ነው!»

ወንድሜ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ብረቱን አነሳ።

«አንተ ተናገር! የቤት ሥራ ነው ወይስ እህቴን ትፈልጋታለህ?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያድነው። ቀጮ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

«ወረቀቱ የቤት ሥራ ነው» አለ። «እሷን ግን እወዳታለሁ።»

ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ። ሲሰበር ሰማሁት። ወንድሜ እንደገና ሲያነሳ እጁን ደም እስኪወጣው ነከስኩት። ብረቱ ወደቀ።

«አንቺም?» አለኝ፣ እጁን ይዞ።

«አዎ! እኔም! አሁን እኔንም ምታኛ!»

አባት ሆኖ ያሳደገኝ ወንድሜ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አሳዘነኝ፤ ግን ወደ እሱ አልሄድኩም።

ቀጮ አጠገብ ተንበረከክሁ። «አንተ እብድ! የቤት ሥራ ነው ብትል ምን ነበረበት?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤት ሥራ ነው ስል ከረምኩ እኮ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከነደሙ፣ ወንድሜ እያየኝ፣ ሳምኩት።