ተኝታ የምትመርጠው ከተማ

በሐይቅ ላይ በምትንሳፈፈው በመልከ ውኃ ከተማ ሰው የሚመርጠው ተኝቶ ነበር። በየትራሱ ውስጥ የተሰፋው ምኞት ለቃሚ፣ ማለትም የተኛ ሰው የሚፈልገውን የሚያነብ ስስ መሣሪያ፣ የነዋሪውን ሐሳብ ሰብስቦ ለምክር ቤቱ ያደርሳል። ጎህ ሲቀድ ውሳኔው በውኃው ላይ በብርሃን ፊደል ተጽፎ ይታያል። ሰልፍ የለም፤ ጭቅጭቅ የለም። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ትርሲት የመሣሪያው ባለሙያ ናት። አንድ ቀን ጠዋት የስድስተኛ ቀበሌን መዝገብ ስታጣራ የአባቷን ስም አየች። አቶ መኩሪያ በዚያው ማለዳ ድምፅ ሰጥተዋል። "ልጆች ዋና የሚማሩበት ቦታ ይከፈት" ይላል ምኞታቸው።

አባቷ ከሞቱ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ባዶ ትራሳቸው ግን ዛሬም አልጋቸው ላይ ነው።

ደጋግማ አነበበችው። ድምፃቸውን የሰማች መሰላት፤ በሕይወት ሳሉ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነበርና። እንባዋን ጠርጋ መሣሪያውን መመርመር ጀመረች። ከአንድ ትራስ ምኞት ሲያጣ፣ ከድሮው እየገመተ ይሞላል። ከአርባ ሺህ ነዋሪ የሠላሳ አንድ ሺሁ ድምፅ ግምት ነበር። አብዛኞቹ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ መመኘት ከተዉ ግን ቆይተዋል።

ለኃላፊዋ ለአቶ ገረመው አሳየቻቸው።

"ታዲያ ግምቱ መቼ ተሳሳተ? ሰዉስ ምን ጎደለበት?" አሉ ረጋ ብለው።

"ተሳሳተ አላልኩም፣ ጋሼ። አልተጠየቁም ነው የምለው።"

"ብታጠፊው አባትሽም ዝም ይላሉ።"

ትርሲት በመስኮቱ ሐይቁን አየች። ከዚያ መሣሪያውን አጠፋችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውኃው ላይ ምንም አልተጻፈም። ሰዉ ግራ ገብቶት ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ጎረፈ። ትርሲት ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻቸውና "ዛሬ የሚወሰነው የዓሣ ገበያው ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ነው። ምን ትላላችሁ?" አለች።

መጀመሪያ እማማ ደብሪቱ የተባሉ ዓሣ ሻጭ ተነሡ።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ። የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ የምፈልገው ጠፋኝ። እስቲ ላስብበት።"

ተቀመጡ። ሰዉም ጠበቃቸው። እሳቸው ሲያስቡ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ተነሣ፤ ሌላው አቋረጠው፤ እኩለ ቀን ላይ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ።

"ያመጣሽውን ጣጣ አየሽ?" አሉ አቶ ገረመው።

እማማ ደብሪቱ ሰምተው ዞር አሉ። "እርስዎስ? ገበያው ይዘጋ ይላሉ?"

አቶ ገረመው አፋቸውን ከፈቱ። እንደ ተኛ ሰው ፈዘው ቆሙ። አሮጊቷ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው።

ያን ቀን ምንም አልተወሰነም። ነገም ለመምጣት ብቻ ተስማሙ።