በስልክ የፈረሰ ምሰሶ

በየሰፈሩ ሳይመረቅ የተመረቀ ልጅ አይጠፋም። ገና አውሮፕላን ላይ ሲወጣ «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ይባላል፤ መጽሐፉ ግን ገና አልተገለጠም። ይህም ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ሲቪል ምሕንድስና ሊማር ባሕር በተሻገረ በሳምንቱ እናቱ ገበያ ውስጥ «የኢንጂነሩ እናት» ተባለች። አባቱም በደወለ ቁጥር «እንዴት ዋልክ ኢንጂነር?» ማለት ጀመረ። ፍቅር ነው፣ ክፋት የለበትም። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው።

ልጁ በሦስተኛው ዓመት የሕንፃ መዋቅር ትምህርት ወደቀ። ደግሞ ወሰደው፤ ደግሞ ወደቀ። ዩኒቨርሲቲው ዓመቱን እንዲደግም፣ አሁንም ቢወድቅ ግን እንደሚሰናበት ነገረው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከትምህርቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ተሰናበተ ማለት አገር ለቀቀ ማለት ነው። መስኮቷ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ በሚያሳይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለማን እንደሚናገር ያስባል። ለመምህሩ እንዳይናገር ያፍራል። ለጓደኞቹ እንዳይናገር ወሬው ቀድሞት ቤቱ ይደርሳል። ለቤተሰቡ እንዳይናገር፣ እነሱ ዘንድ ከተመረቀ ቆይቷል! ፊቱም ገደል፣ ኋላውም ገደል ሆነበት።

አንድ እሑድ ከሰዓት አባቱ በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን ሳሎኑ መሀል ወደቆመው ምሰሶ አዞረው።

«ይኼን ታየዋለህ ኢንጂነር? ሳሎኑን ለሁለት የከፈለብን እሱ ነው። ብናነሳው ምን ይለናል?»

ፎቁ ላይ በቅርቡ የወለደች እህቱ ከሕፃን ልጇ ጋር ትኖራለች።  ምሰሶ በስልክ ታይቶ እንደማይፈረድበት ለማወቅ መመረቅ አያስፈልግም።

«አባዬ፣ እዚያ ያለ ባለሙያ ቢያየው አይሻልም?»

«የምን ባለሙያ? ልጄ ኢንጂነር ሆኖ የሰው ደጅ ልጥና? ሰውስ ምን ይለኛል? ግንበኛውም ይኸው አጠገቤ ነው፤ አንተን ነው የሚጠብቀው።»

«ልጅዎ ይቻላል ካለ እኔ ምን አገባኝ፣ አነሳዋለሁ!» ሲል ግንበኛው ከጀርባ ተሰማ።

«አላውቅም» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። ነገር ግን ካወጣት «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነበር?» መባሉ አይቀርም። ያን ጥያቄ ከመዋቅር ፈተናው ይልቅ ፈራው።

«ይቻላል አባዬ» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አባቱ መርቆት ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥም መምህሩ የሚናገረው አንድም አልገባው አለ። ከክፍሉ ወጣና «ምሰሶውን አትንኩት» ሊለው አባቱ ጋ ደወለ። አይነሳም። እህቱ ጋ ደወለ።

«ምሰሶውን ሲያነሱት ወለሉ እኮ ዘመመ!» አለችው እያለቀሰች። «በሩም ተቀርቅሮ አልከፈት ብሎኛል። ልጄን ይዤ የት ልግባ? ይወድቃል እንዴ? አንተ አይደለህ የምታውቀው?»

«አላውቅም! እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ወድቄያለሁ! ሁለቴ ወድቄያለሁ! በመስኮት ጩኺ፣ በመሰላል ያውርዱሽ። ታች ያሉትም ይውጡ በያቸው!»

ስልኩ ተቋረጠ። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ባሕር ማዶ ሆኖ መሰላል አይያዝ፣ ሕፃን አይቀበል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን የጠላበት ቀን አልነበረም።

ከብዙ ጭንቅ በኋላ አባቱ ደወለ። ሕፃኑ ደህና ነው። እህቱ ስትወርድ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። እነሱ በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የፎቁ ወለል ሳሎኑ ላይ ተደርምሷል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ አባትየው።

«በደወልክ ቁጥር የምታናግረው ኢንጂነሩን ነው አባዬ። እኔን እኮ አንድም ቀን አልጠራኸኝም።»

 ልጁም የእህቱን ክንድ እያሰበ፣ «ጥፋቱ ግን የኔ ነው» አለ።

እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ነው። «አላውቅም» ማለትን ውርደት አድርጎ ቆጥሮ፣ የእህቱን ሕይወት አስይዞ ስሙን ጠበቀ። ሆኖም እኛስ? ልጆቻችን ያልደረሱበት ወንበር ላይ አስቀምጠን መሰላሉን የምንወስድባቸው እኛ አይደለንም? ማዕረግ ሲደርስ ይደርሳል። ልጅ «ከበደኝ» የሚልበት ቤት ከሌለው ግን ሸክሙን የሚያራግፈው ሌላ ሰው ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አባትየው ስልኩን ሳይዘጋ ጠየቀ።

«ለመሆኑ ያ የጣለህ ትምህርት ስለ ምንድን ነው?»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ልጁ ክብደት ከወለል ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ መሬት እንዴት እንደሚወርድ ማስረዳት ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከዚህ በኋላ ያለው አልገባኝም አባዬ።»

«እንግዲያው ነገ መምህርህን ጠይቀው» አለው አባቱ። «ከዚያ ለኔም ታስረዳኛለህ።»