ሳናውቅ የበላነው አውራ ዶሮ

እኛ ቤት ዴልመርን ምክር የጠየቀው ሰው የለም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያገለገለ የትራክተር ጎማ ይሸጣል፤ ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለቱንም ፈቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ከመጣም የሚቀመጠው በሩ ሥር ነው፣ ለመውጣት እንዲመቸው። አባቴ «የቨርዳ ወንድም» ይለዋል እንጂ ስሙን እንኳ እምብዛም አይጠራም። እንግዲህ የእኔ ትዳር በዚህ ሰው አፍ ላይ ይንጠለጠላል ብሎ ማን ይገምታል?

ከካንሳስ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሦስት ሆነው መጡ፤ አባቴ መርሊን፣ እናቴ ቨርዳ፣ እና ሻንጣ ለመሸከም ዴልመር። በዚያን ጊዜ ማላዊ ውስጥ፣ ከዴድዛ ተራራ ግርጌ ባለችው የሚሲዮን ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈው ነበር። ለውዝ በየጓሮው ወደሚለቀምበት አገር ሻንጣ ሙሉ የለውዝ ቅቤ ይዘውልኝ መጡ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምን ይደረግ።

አልጋዬን ለእናትና አባቴ ለቀቅኩ፤ ዴልመር ሶፋው ላይ፣ እኔ ወጥ ቤት ምንጣፍ አንጥፌ። ውሃ ከፓምፑ መቅዳት፣ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ ማጣራት፤ የሦስት ፈረንጅ እንግዳ ውሃ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔም ፈረንጅ መሆኔን የረሳሁት ይመስለኛል።

አባቴ ለጉብኝት ብቻ እንዳልመጣ የገባኝ በመጀመሪያው እራት ላይ ነው።

«የአገልግሎት ዘመንሽ በሰኔ ያልቃል» አለ። «ከከተማችን ሆስፒታል ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ቦታ ይዘውልሻል። አብረን ነው የምንመለሰው። እናትሽም ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ።»

እናቴ ሳህኗን አየች። እኔም የራሴን አየሁ። ሊምባኒ የሚለው ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሊምባኒን ያገኘሁት በሕፃናት ሚዛን ቀን ነው። ሚዛኑን በክሊኒኩና በቤቴ መሃል ባለው ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ እንሰቅልና ልጆቹን በማንጠልጠያው ሱሪ ከትተን እንመዝናለን። አንድ ቀን በእናቶቹ ሰልፍ መሃል አንድ ረጅም ወንድ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ቆሟል። ሴቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«አንተ መምህር፣ ማጥባቱንስ ማን አስተማረህ?» አለችው አንዷ።

«እሱን ገና እየተለማመድኩ ነው» አላት፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ።

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ መዘምራኑንም ይመራል። ሕፃኗ የእህቱ ልጅ ናት፤ እህቱ ታማ ተኝታለች። በእነሱ ዘንድ የእህት ልጅ የአጎቷ ነች፤ አጎት ካልቆመላት ማን ይቆምላታል? ሕፃኗን ላወርድ ስል የታዘለችበትን ጨርቅ መፍታት አቃተኝ። የወንድ ቋጠሮ ነበር። ሊረዳኝ እጁን ወደ ኋላ ሲልክ ጣቶቻችን ተነካኩ። ዞሮ አየኝ። እኔ ማየት የነበረብኝ ሚዛኑን ነበር፤ አላየሁትም። የዚያን ቀን የልጅቷን ክብደት ደግሜ ደግሜ ተሳሳትኩ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን በየሳምንቱ ያመጣት ጀመር። «ትንሽ የቀነሰች መሰለኝ» ይላል። ልጅቷ እንደ ዱባ ክብ ነበረች።

ላግባሽ ያለኝም እዚያው ማንጎ ሥር ነው።

«ግን ዶሊካ፣ አጎቴ ከአጎትሽ ጋር ካልተነጋገሩ ቤተ ክርስቲያኑም አያጋባንም» አለኝ። ዶርካስ የሚለውን ስሜን እዚህ ሁሉም ዶሊካ ነው የሚሉት።

«የሚጠየቀውማ አባቴ ነው።»

«አባትሽን አከብራለሁ። ሴት ልጅ ግን የምትጠየቀው ከእናቷ ወንድም ነው። እናትሽ ወንድም የላትም እንዴ?»

«አላት» አልኩና ሳቄ መጣ። «ዴልመር የሚባል።»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ስታየው ይገባሃል።»

እሱ አልሳቀም። የእናት ወንድም ለእሱ ቀልድ አልነበረም። መጀመሪያ እኔ ለቤተሰቤ ልንገር፣ ከዚያ አጎቱ ይምጡ ብለን ተስማማን። እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ እያልኩ ቀናቱ ሄዱ።

የእንግዶቼ መምጣት እንደተሰማ ጎረቤቶቼ ዶሮ እያቀፉ ይመጡ ጀመር። የመጀመሪያዋን ያመጡት አንዲት አሮጊት ናቸው። አባቴ አዘነላቸውና «አይ፣ እርስዎ ይብሏት» ብሎ መለሰላቸው። የአሮጊቷ ፊት ሲለወጥ ሮጬ ደረስኩ፤ ተቀብዬ፣ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

«ስሙኝ» አልኳቸው ሦስቱንም። «እዚህ የተሰጠ ዶሮ አይመለስም። በሁለት እጅ ትቀበላላችሁ፣ ታመሰግናላችሁ፣ ትበላላችሁ። አለቀ።»

ያቺን የመጀመሪያዋን ግን አልበላናትም። እናቴ ቢላ ይዛ ስትወጣ ዶሮዋ የአባቴ ጫማ ላይ ጉብ ብላ እንቁላል ጥላበት ተገኘች። አባቴ «ይቺ ትቆይ» አለ። ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ሥር ናት። ዳቦ ይፈረፍርላታል፤ ሰው የማይሰማው ሲመስለው ያጫውታታል። ሌሎቹ ዶሮዎች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። እናቴ የገበሬ ልጅ ናት፤ ዶሮ ከበር እስከ ድስት ብዙ አይቆይባትም።

የሊምባኒ አጎት ዘኪዮ የወጣት ቀጠሮ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። እንግዶቹ ሊሄዱ ነው ሲባል ሰሙና፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ እኔ ክሊኒክ በነበርኩበት ጠዋት ቤቴ መጡ።

ለምሳ ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሴቶች እልል አሉልኝ። ግራ ገባኝ። ቤት ስደርስ ሦስቱም ገበታ ከበው አጥንት ይግጣሉ። ደጃፉ ላይ ቀይ የአውራ ዶሮ ላባ ተበትኗል፤ ከላባው መሃል እግሩ የታሰረበት ነጭ ጨርቅ ወድቋል።

«ይሄ አውራ ዶሮ ከየት መጣ?»

«አንድ ሽማግሌ አመጡት» አለ ዴልመር። «ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ። ‹የእናትየዋ ወንድም ማነው?› አሉ፤ እኔ ነኝ አልኳቸው። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ። እንዳስተማርሽን።»

«ሌላስ ምን አሉህ?»

«ብዙ አሉ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፤ የሳቸውን ቋንቋ ደግሞ እኔ ጭራሽ አልሰማም። ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።»

ጉዴ ፈላ። ቁጭ አልኩ።

«የሰላምታ ዶሮ አይደለም» አልኳቸው። «ሊምባኒ የሚባል ሰው አለ። ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ እኔም እፈልገዋለሁ። አውራ ዶሮው የእሱ ጥያቄ ነው። የሴቷ ወገን ካልፈለገ ዶሮው በሕይወቱ ይመለሳል። ከፈለገ ታርዶ ይበላል።»

አባቴ በእጁ የያዘውን አጥንት ሳህኑ ላይ መለሰው።

«እኔ ልጄን ለማንም አልሰጠሁም» አለ።

«አንተ መቼ ተጠየቅክ፣ መርሊን» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ሌላ ዶሮ ገዝታችሁ መልሱላቸው። ስህተት ነው በሏቸው።» ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣ።

ወደ ማምሻው ላይ ሊምባኒ መጣ። ወደ ቤት አልገባም፤ ማንጎው ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነበር።

«አጎቴ ሳይነግሩኝ ነው የመጡት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሳያውቁ ነው የበሉት፣ አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። ዓይኑን ሳየው አቃተኝ። «ሳያውቁ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ተራራውን አየ። እኔ እጁን አየሁ።

«ነገ ለአጎቴ እነግራቸዋለሁ» አለ። «በስህተት ነው የተበላው እላለሁ።»

«እንደዚያ ካልክ ዳግመኛ አይመጡም።»

«አይመጡም። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።»

«ታዲያ ለምን ትነግራቸዋለህ?»

«በስህተት አልወስድሽም፣ ዶሊካ። ተማሪዎቼ እንኳ መልሱን አግኝተው መንገዱን ከሳቱ ማርክ አልሰጣቸውም።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አለቀስኩ። እንባዬን ሊጠርግ እጁን ዘረጋ፤ መንደሩ ሁሉ እንደሚያየን ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው። የዚያን ቀን ምን ያህል እንደምወደው አወቅኩ።

«ልጁ ይሄ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዴልመር ነው፤ በነጠላ ጫማ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ዴልመር እባላለሁ። ዶሮህን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሊምባኒ በርከክ አለና በእነሱ ወግ እጁን በቀስታ አጨብጭቦ ሰላም አለው። ዴልመርን እንደዚህ አክብሮ ሰላም ያለው ሰው በሕይወቱ ኖሮ አያውቅም። የሚያደርገው ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ዶርካስ፣ ይሄን ሰው ትፈልጊዋለሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እፈልገዋለሁ።»

«እዚሁ እስከ መቅረት?»

«እዚሁ እስከ መቅረት።»

«በል ጎረምሳው፣ ለአጎትህ ምንም እንዳትናገር» አለው። «ነገ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

በረንዳው ላይ አባቴ ዶሮዋን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ዴልመር ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«መርሊን፣ እህቴን ካገባህ ጀምሮ አንዲት ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለ። «አልተቀየምኩህም። አንተን ብሆን እኔም ራሴን አልጠይቅም። እነዚህ ሰዎች ግን ጠየቁኝ። ልጅቷ ወደዚህ ስትመጣ አንተ ተቆጥተህ ቤት ቀረህ፤ አውሮፕላን ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ልመልስሽ ብላት እምቢ አለች። አሁንም አትመለስም።»

«እና?»

«እሺ ልላቸው ነው። ዶርካስ እንደነገረችኝ፣ አውራውን የበላ ወገን እሺ የሚለው ሴት ዶሮ በመስጠት ነው። እህቴ ያለውን ሁሉ አርዳ ጨርሳለች። የቀረችው ይቺው ናት።»

አባቴ ወደ እግሩ ሥር አየ። «ይበሏታል?»

«ካልበሏት አልተጋባንም» አልኩ እኔ።

ቀና ብሎ አየኝ። ሲያረጅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ክፍልሽ እንዳለ ነው» አለ። «መጋረጃውን እንኳ አልቀየርነውም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ለዶሮዋ ዳቦ ፈረፈረላት።

በማግስቱ ጠዋት ዴልመር በእናቴ እርዳታ ከክራባት ጋር ሲታገል ቆየና ዶሮዋን ሊይዝ ወጣ። የለችም። በረንዳው ሥር፣ ጓሮው፣ እንጨት ክምሩ ኋላ ፈለግን። አባቴም የለም። በቃ፣ ይዟት ሄደ ብዬ ተስፋዬን ቆረጥኩ።

ከክሊኒኩ በኩል ብቅ አለ። ጫማውን ወልውሏል፤ ኮቱን ለብሷል፤ ዶሮዋን ብብቱ ውስጥ አቅፏል።

«በሌላ ሰው እጅ አትረጋም» አለ ማናችንንም ሳያይ። «ንግግሩ የዴልመር ነው። እኔ እሷን ለመያዝ ነው።»

በአጎት ዘኪዮ ግቢ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሁለቱ አጎቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የሚሲዮኑ ፓስተር ሚስት አስተረጎመች። አጎት ዘኪዮ ረዘም ያለ የማዕረግ ንግግር አደረጉ። የዴልመር ተራ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶሮውን ስንበላ ምን እንደሆነ አላወቅንም ነበር» አለ። «አሁን አውቀናል። ልጅቷን ጠየቅኳት፤ ትፈልገዋለች። እኛም እሺ ብለናል። ዶሮው ደግሞ በጣም ይጣፍጥ ነበር።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። አጎት ዘኪዮ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሴቶቹ ዶሮዋን ሊቀበሉ መጡ። አባቴ አንድ አፍታ አጥብቆ ያዛት፤ ጀርባዋን ዳበሳት፤ በሁለት እጁም ሰጣቸው።

ምሳው ሲቀርብ አጎት ዘኪዮ ለዴልመር የዶሮዋን ጭን ሰጡ። ቀጥለው ጉበቷን በትንሽ ሳህን አድርገው፣ ተነስተው፣ በራሳቸው እጅ አባቴ ፊት አኖሩለት። በዚያ ግቢ ጉበት የሚበላው የተከበረ ሰው ነው።

አባቴ ሳህኑን አየ። አላነሳም። ሊምባኒ ከማዶ፣ የእህቱን ልጅ አዝሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየኝ፤ አየሁት።

«አባዬ፣ ካልቻልክ ይቅር» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ተይኝ እስቲ» አለ። ጉበቷን አነሳ፤ ለሁለት ከፈላት፤ ግማሹን ጎረሰ። ለረጅም ጊዜ አኘከ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። ትናንት የበላውን ሳያውቅ ነው የበላው። ዛሬ ያውቃል።

ከዋጠ በኋላ ቀና አለ። «ሊምባኒ» ብሎ ተጣራ። ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «ና ልጄ፣ ግማሹ ያንተ ነው።»

ሊምባኒ ወደ እኔ መጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ቋጠሮውን ፈትቼ ሕፃኗን ተቀበልኩት። ሄዶ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠና ግማሹን ጉበት በሁለት እጁ ተቀበለ።